መሪውን ያልለቀቁት የጋሽ ቆይ የሕይወት ታሪክ

ወንድማችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ቤት በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው "ከትምህርት ሊቀር ነው" ተባሉ እንጂ ያመናቸው ሰው አልነበረም። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሰው ጋራዥ ገቡ፤ በ1970 ዓ.ም. የከተማ አውቶቡስ መሪ ጨበጡ። "ቆይ! ቆይ!" እያለ የሚሮጥ ተሳፋሪ ጥለው ስለማይሄዱ ጋሽ ቆይ ተባሉ። በ1974 ዓ.ም. ትኬት ቆራጭ ባልደረባቸውን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወለዱ።

በ1999 ዓ.ም. የጨጓራ ካንሰር ተገኘባቸው። ሆዳቸውን የራጅ ፎቶ ሲነሱ ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ፤ ከተፈጥሯቸው አንጀታቸው እንደ ሰው ሁሉ አልዞረም፤ ቀጭኑ በሙሉ በቀኝ፣ ወፍራሙ በግራ ተከማችቷል። የልጅነቱ ቁርጠት እውነት ነበር ለካ! የመጀመሪያው ሐኪም "ይሄን መንካት አደጋ ነው፤ ቤትዎ ይረፉ" ብሎ ሸኛቸው። እሳቸው እረፍት መች ያውቁና! ሌላ ሆስፒታል ሄዱ። ቀዶ ሐኪሟ ፎቶውን አገላብጣ አይታ፣ "አባባ፣ እንዲህ ያለ ሆድ ከፍቼ አላውቅም። ላንብብ፣ ልጠይቅ፤ ጊዜ ይስጡኝ" አለቻቸው።

"አላውቅም የሚል ሐኪም አጥቼ ነው የተንከራተትኩት፤ በይ አጥኚና ቅደጂኝ!" አሉ። ባለቤታቸው ሲያለቅሱም "አንቺ ደግሞ! ሰውዬው ሳይሄድ ይለቀሳል?" ብለው ተቆጡ።

ሐኪሟ አብዛኛውን ጨጓራ አውጥታ፣ የቀረውን እንደ አፈጣጠራቸው ከአንጀታቸው ጋር አገናኘችው። ከዚያ ወዲያ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ መብላት ግድ ሆነ። ተርሚናል ላይ ምሳ ዕቃቸውን ሲከፍቱ ወጣት ሹፌሮች "ጋሽ ቆይ፣ ደግሞ ሊበሉ ነው?" ይሏቸው ነበር። "የቆረጡት ጨጓራዬን ነው፣ መንጃ ፈቃዴን አይደለም!" ይሉ ነበር እሳቸው። ጡረታ እስኪወጡ ነዱ። ፎቶዎቻቸውንም ለሐኪሟ "አስተምሪበት" ብለው ሰጡ።

ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ በሳንባ ምች ታመው፣ በቤታቸው አረፉ። ስለዚህ ልጆቼ፣ "ካንሰር ጣላቸው" የምትል ምላስ ካለች ትሰብሰብ። አልጣላቸውም! ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ደግሞም ከኋላ የተቀመጡትን መምህርት እዩልኝ፤ ይህን የምናገረው ፈቅደውልኝ ነው። አንጀታቸው እንደ ጋሽ ቆይ ነው፤ በሽታቸውም ያው ነበር። ያቺው ሐኪም፣ መንገዱን ከጋሽ ቆይ ሆድ ተምራ፣ ኦፕራሲዮን አደረገቻቸው፤ ዛሬ በእግራቸው ለቀብር መጡ።

የሮጠውን ሁሉ የጠበቀችውን ነፍስ፣ አምላክ በሩን ከፍቶ ይጠብቃት።