የመረከቢያ ቁጥሩን ስላዘገየሁት

ይድረስ ለምወድሽ የልጅ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራውስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ጉልበቴ ካመፀብኝ በቀር ደህና ነኝ። ምላሴ እንደምታውቂያት ናት፤ እሷ አላረጀችም። ዛሬ የምጽፍልሽም የእሷን ጥፋት ነው። በስልክ ብነግርሽ ቀልድ ይመስልሽና ትስቂያለሽ፤ እንድትስቂ አልፈለግኩም።

ስልኬ ላይ የጫንሽልኝን የምግብ ማዘዣ አፕ ታውቂዋለሽ። ምግቡን የምታመጣልኝ ብዙውን ጊዜ አንዲት ባለሞተር ናት፤ የሁለት ልጆች እናት። ታዲያ ስልኬ ላይ የሚወጣውን አራት አሃዝ የመረከቢያ ቁጥር ካልነገርኳት ምግቡ ደረሰ አይባልላትም፤ ወደ ሌላ ደንበኛም መሄድ አትችልም። ይህን ያወቅኩ ዕለት ሰይጣን ገባብኝ።

አንደኛውን ቁጥር እሰጣታለሁ። ለሁለተኛው «እንቆቅልሽ!» እላለሁ። ካላወቀችው አገር ስጪኝ ነው፤ አንድ ቀን «የአለቃዬን ቢሮ ከነወንበሩ ይውሰዱት» ብላ አሳቀችኝ። ሦስተኛው ላይ መነጽሬ ይጠፋል፣ ግንባሬ ላይ ተቀምጦ። «አባባ፣ በፈጠረዎት፣ ሌላ ሰው እየጠበቀኝ ነው፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል» ትለኛለች። «ይቀዝቀዛ! እኔስ ቀዝቅዤ የለ!» እላታለሁ። ትስቃለች። ደንበኛ ከተቀየመ አፑ ላይ ለሥራዋ የሚሰጣትን ኮከብ እንደሚነፍጋት አላወቅኩም፤ የምትስቀው ስለወደደችኝ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ አንድ ኮስታራ ጎልማሳ መጣ። ባለሞተሯ የት ሄደች ብዬ ጠየቅኩት። ታግዳለች አለኝ። አፑ ደቂቃ ይቆጥራል፤ ደጋግማ ስለዘገየች ሥራው ተዘጋባት። «አንድ ሽማግሌ ናቸው አሉ ቁጥር ይዘው የሚያቆሟት» አለኝ፣ እኔ መሆኔን ሳያውቅ።

«ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው በል!» አልኩት።

አዎ፣ በዚሁ አፌ። ከዚያ አራቱንም ቁጥር በአንድ ትንፋሽ ነገርኩትና በሩን ዘጋሁ። ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ከበር ጀርባ ተደበቅኩ።

ለድርጅቱ ደወልኩ፤ የሚያናግረኝ ማሽን ሆነ፤ እሱ ደግሞ ቀልድም ይቅርታም አይገባው። አፑ የተመዘገበው በስምሽ ነውና እባክሽ አንቺ ጻፊላቸው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የአያቴ ነው በያቸው። አትሸፋፍኚልኝ። እኔም ነገ ቢሮአቸው ሄጄ፣ እስኪመልሷት ድረስ ከደጃቸው አልነሳም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። «አባባ በየቀኑ እያዘዝክ ነው፣ ጎሽ፣ የምግብ ፍላጎትህ ተከፈተ» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ፍሪጁን ብትከፍቺው ስድስት እሽግ ሳይነካ ተደርድሯል።

ቢሮ ስሄድ «ለምን ያቆሟት ነበር?» ማለታቸው አይቀርም። «ለጨዋታ ነው» ልል አስቤ ብቻዬን ተለማመድኩት፤ አፌ እምቢ አለኝ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ለሽማግሌ የማያሳፍር ምክንያት ካገኘሽ ደብዳቤሽ ላይ አስገቢልኝ።

በይ፣ ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ። የልፋትሽን አይንሳሽ። እንደኔም ስታረጂ ደጅሽን ሰው አይራቀው።

አፈ ጮሌው አያትሽ