ሚሊ ከክፍሉ ያስወጣችኝ ቀን

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 19

የልጄ እናት፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያመኛል ያልሽው ወገብሽስ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን። ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ነበር፤ ሦስቴም የተቆራረጠው መስመሩ ሳይሆን እኔ ነኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

እንዳትጨነቂ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገባች። ምሕንድስና። ስሟ ከተቀበሏቸው የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች መካከል በአሥራ አራተኛ ተራ ተለጥፏል፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ አላመንኩም ብዬም በጣቴ ነክቼዋለሁ። አሁን ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ላጫውትሽ።

ሚሊ የምንላት ለምን እንደሆነ ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። አንቺ ለሥራ ሰው አገር በሄድሽ በዓመቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ ዘንድ፣ ብረታ ብረት ቤቱ ውስጥ ትውል ጀመር። አንድ ቀን አሮጌው በያጃችን የመስኮት ፍሬም ሠርቶ ግድግዳ ላይ አስደግፎታል። እሷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችውና በእጇ «ተጣሟል» አለች። ሰውየው ሠላሳ ዓመት የበየደ ሰው ነው፤ ተቆጣ። ሲለካ ሦስት ሚሊ ሜትር ተገኘበት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሚሊ ናት። ደግሞ የብረት መቁረጫው ሲጮኽ እኛ ጆሮ ያለን ሰዎች ምን እንሰማለን? ሠራተኛው ሁሉ ቀስ በቀስ የእሷን ቋንቋ ተማረ። «አምጣ»፣ «ያዝ»፣ «አቁም»፣ «ሻይ ደርሷል» የምንባባለው በእጅ ነው። እንግዳ ሰው ቢገባ መስማት የማይችለው የትኛው እንደሆነ አይለይም።

ውጤቷ የመጣ ሰሞን የማመልከቻ ቅጹን ራሷ ሄዳ አመጣችና ምሳ ላይ አጠገቤ አስቀመጠችው። እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አላለኝም። «ሙያው እጅሽ ላይ አለ፣ ቤቱም የራስሽ ነው፤ ማንም የማያውቅሽ ቦታ ሄደሽ ከማን ትግባቢያለሽ?» አልኳት። ለእሷ ያዘንኩ መስሎኝ ነበር። ሁለት እጆቿን ኪሷ ከተተች። ያንን መቼም አትረሺውም፤ እሷ እጇን ኪሷ ከከተተች ነገር አበቃ። ሦስት ቀን ሙሉ ለእንጀራዋ ካልሆነ በቀር እጇን ለእኔ አላወጣችም። ቤቱ ጸጥ አለ። ሁልጊዜም ድምፅ የሌለበት ቤት ነው ትይኝ ይሆናል፤ አይደለም፣ ልዩነቱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

በአራተኛው ቀን አሮጌው በያጅ መነጽሩን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ። «አለቃ፣» አለኝ፣ «እኛ ብረት ስናጣምም የምትነግረን እሷ ነበረች። ዛሬ የተጣመምከው አንተ ነህ፤ ማን ይንገርህ ብዬ ነው።»

አመመኝ። ግን እውነት ነበር። ቤት ስገባ ቅጹን አንስቼ፣ እስክሪብቶ ጨምሬ ፊቷ አስቀመጥኩት። እጇ ከኪሷ ወጣ፤ ከዚያ በኋላማ የሦስት ቀኑን ሁሉ አንድ ላይ አወረደችብኝ፣ እኔም እንደሚገባኝ ተቀበልኩ።

ቅጹን የሞላችው ብቻዋን ነው። እኔን የጠየቀችኝ «የአባት ሥራ» የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ብቻ ነው። «የድርጅት ባለቤት በይ» አልኳት፤ ትንሽ ከበድ ይበል ብዬ። ዝቅ ብላ ጻፈችና አሳየችኝ፦ «በርና መስኮት ይሠራል። እኔንም አስተምሮኛል።» ዓይኔ ውስጥ ብናኝ ገባ ብዬ ተነሣሁ። በብረት ቤት ስንኖር የብናኝ ምክንያት አይጠፋም።

ልናስገባ ስንሄድ የመዝገብ ቤቷ ሴት ወረቀቱን እስከ ታች አነበበች። «መስማት አልችልም» የሚለው ጋ ስትደርስ ቀና ብላ ለእኔ ማውራት ጀመረች። ክፉ ሰው አይደለችም። ልጅቷ እንዳትጎዳ፣ ቀለል ያለ ትምህርት ብትመርጥ ይሻላል፣ ባይሆን የእጅ ሥራ አለ አለችኝ። ሚሊ የሴትየዋን ከንፈር ስታነብብ ቆይታ ጣቷን «ምሕንድስና» የሚለው ላይ አድርጋ አላነሣም አለች። ሴትየዋ ማኅተሙን መታችና የቃለ መጠይቅ ቀን ሰጠችን።

ስትሄጂ በሩ ላይ ቆመሽ «አፍ ሁናት» ብለሽኝ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ሆኜያታለሁ፤ ሐኪም ቤት፣ ሱቅ፣ የወላጆች ስብሰባ፣ የትም። የቃለ መጠይቁ ቀንም ሸሚዜን አስተኩሼ፣ የምመልሰውን አጥንቼ ነው የሄድኩት። ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እኔን እያየ «ልጅዎ ትምህርቱን እንዴት ልትከታተል ነው?» አለ። ገና አፌን ስከፍት እጇ ክንዴ ላይ አረፈ። ዞር ስል እንዲህ አለችኝ፦ «አባዬ፣ ውጭ ጠብቀኝ።»

ያልገባኝ መስዬ ቆምኩ። ደገመችልኝ፤ ሁለተኛው ቀስ ያለ ነበር።

ወጣሁ። አርባ ደቂቃ። ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ በራቸውን መረመርኩ፤ የላይኛው ማጠፊያ ብየዳው ለቋል፣ የዩኒቨርሲቲ በር ነው ብለሽ አታምኚም። ማጠፊያውን እያየሁ ግን የማስበው ሌላ ነበር። እሷ እዚያ ውስጥ ምን እየሆነች ነው ብዬ አይደለም። እኔ ከዛሬ ወዲያ የምን አፍ ነኝ ብዬ ነው።

ውስጥ የሆነውን በኋላ የነገረኝ ራሱ ኃላፊው ነው፤ እስከ ደረጃው ድረስ ሸኘን። ሰሌዳው ጋ ሄዳ ጠመኔ አንሥታ «ጥያቄውን ጻፉልኝ» ብላ ጻፈችላቸው። ደረጃ እንድትነድፍ ሰጧት፤ ነደፈች፣ ልኬቱንም ከጎኑ አስቀመጠች። አንደኛው መምህር አንድ እርከን ከፍታው በዝቷል ብሎ ሲሞግታት በጽሑፍ ተሟገተችው፤ በመጨረሻ ተሳስቻለሁ ያለው እሱ ነው። ትምህርቱን እንዴት ትከታተያለሽ ሲሏት የጻፈችውን ሰውየው በቃሉ ይዞታል፦ «ከፊት አስቀምጡኝ። ፊታችሁን ወደ ሰሌዳ አዙራችሁ አታስተምሩ። ይህ ለሚሰሙትም ይጠቅማል።» ሦስቱም ሳቁ አለኝ። «እኔ ሃያ ዓመት ለሰሌዳ ሳስተምር ኖሬያለሁ» ሲለኝ ግን አልሳቀም። እየተናገረም ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ ነበር።

የልጄ እናት፣ እኔ ብዙ በር ሠርቻለሁ። የባንክ ሠርቻለሁ፣ የባለጸጎች ግቢ ሠርቻለሁ። አላፊ አግዳሚውን እያስቆምኩ «የእኔ ሥራ ነው» ያልኩበት ጊዜ የለም። ያን ቀን ግን አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጡት የማላውቃቸው ሴትዮ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሚሊ በመስኮቱ ነጸብራቅ ከንፈሬን አንብባ በክርኗ ጎሸመችኝ። ሴትዮዋ ሲወርዱ ልጄን አገላብጠው ሳሟት።

ትምህርቱ የሚጀመረው በመስከረም መጨረሻ ነው። እዚያው ግቢ ነው የምታድረው። ሻንጣዋን ካሁኑ ሞልታ፣ አውጥታ፣ እንደገና ሞልታለች። ሠራተኞቹ የስንብት ምሳ እናብላት እያሉ ነው፤ አሮጌው በያጅ ደግሞ ከላሜራ የመጽሐፍ መደርደሪያ እየሠራላት ነው፣ ሚሊ ለክታ ሳትጨርስ አይበየድም ብሏል። እኔም ደህና ነኝ። ምግብ ማብሰል ለምጃለሁ፤ ለአንድ ሰው ማብሰል ግን ልኩ ይጠፋኛል።

የሥራ ውልሽ ካለቀ ሁለት ዓመት አለፈው። ለምን ቀረሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ጠይቄሽም አላውቅም። ስንለያይ በቁጣ «ከሄድሽ አትመለሺ» ያልኩሽን ግን አልረሳሁትም፤ አንቺም አልረሳሽውም መሰለኝ።

የመኝታ ክፍል ፈቃድ የሚባል አንድ ወረቀት ቀርቶናል። ታች ላይ ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ የአባት ፊርማ፣ አንዱ የእናት። እኔ በራሴ መስመር ላይ ፈርሜያለሁ። የመዝገብ ቤቷ ሴት አንድ ፊርማ ይበቃል፣ አምጣው ብላኛለች። እስከ መስከረም 20 ይቀበላሉ። እስካሁን አላስገባሁትም።

ፈጣሪ እጅ እግርሽን ይጠብቅልሽ፤ የዋልሽበት ቤት ሰው ደግ ይሁንልሽ፤ የደከምሽላትን ልጅ ዓይንሽ ለማየት ያብቃው።

የሚሊ አባት