የማይቆለፈው በር

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣

ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ እንዳልልሽ ወገቤ ይታዘበኛል። አንቺስ፣ ልጆችሽስ እንዴት ከረማችሁ?

በእርጅናዬ የለየሁት ፊደል ተንጋዶ ብታዪው አትሳቂ፤ የምጽፍልሽ ቆሜ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ ነው። በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት እርጥብ አንሶላ ሳነሳ ወገቤ ተቀጭቶ፣ ሕመሙ ይኸው ሄደልኝ ስል ይመለሳል። አለቃው፣ «እማማ፣ ጎንበስ ሳይሉ ያንሱ ብለን አልነበር?» አለኝ። እሱ እንኳን እርጥብ አንሶላ፣ ከእስክሪብቶ የሚከብድ ነገር አንስቶ አያውቅም።

ባለፈው እሁድ ጠዋት ከአልጋዬ ልነሳ ብል ወገቤ እንቢ አለኝ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ የተቆለፈውን በር ስታንኳኳ፣ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያልኩ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ቆየሁ። እሷም «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ሙሽራ ሆንሽ እንዴ?» ብላ እየሳቀች ሄደች። ከሰዓት በኋላ ግድግዳ ይዤ ተነሳሁ።

ውሃ ልቀዳ ስወጣ እንኳ ስለምቆልፍ «የቁልፍ እናት» እያልሽ ትስቂብኝ አልነበር? አሁን ማታም አልቆልፍም። ነፋሻ አየር ለጤና ጥሩ ነው ይላሉ።

ልጆችሽን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ድንገት ከመጣሽ ደግሞ አንኳኩተሽ አትጠብቂኝ፤ ገፍተሽ ግቢ።

ታላቅ እህትሽ