በረዶው የመምህሩ ነው

ታፔላ ጸሐፊው ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ?

ተራራ በዘይት ቀለም መሳል ልማር ብዬ ስንት አገር አቋርጬ መጣሁልህ። ተራራው ከክፍላችን መስኮት ፊት ለፊት ተገትሯል። መምህራችን ግን ጠዋት ገና ሲገባ መጋረጃውን ይዘጋዋል። "ብርሃኑ እየተቀያየረ ያሳስታችኋል" ይላል ጌታው! ከዚያ አሥራ ሁለታችንም የእሱን ሥዕል ስንገለብጥ እንውላለን። በመጨረሻ ነጭ ቀለም በቢላ እየዛቀ በየሥዕላችን ተራራ ጫፍ ላይ በረዶ ብሎ ይለጥፍልናል። ተራራው እኮ ቅንጣት በረዶ የለበትም! ብጠይቀው፣ "ያለ በረዶ ማን ተራራ ይለዋል?" ብሎኝ እርፍ። አንተ እንኳ ለፀጉር ቤት ታፔላ ስትስል ፀጉር አስተካካዩን ፊትህ አስቀምጠህ ታፈጥበት ነበር።

ትናንት በምሳ ሰዓት መጋረጃውን ገልጬ ያየሁትን ሳልኩ፤ ቡናማ፣ መላጣ፣ አንድ ጎኑ የተናደ። መምህሩ ሲመለስ "ይሄ ጉብታ ነው" ብሎ ክፍሉን ሙሉ አሳቀብኝ። ሁሉም ከወጡ በኋላ ክፍሉን የሚያጸዱት እናት መወልወያቸውን ተደግፈው ሸራዬን አዩና፣ "ውይ፣ የኛ ሰፈር! ከዚህ ናዳ ሥር እኮ ነው ቤቴ" አሉኝ።

"ይሄኛውስ?" ብዬ የመምህሩን አሳየኋቸው።

"እሱ ደግሞ የት አገር ነው?"

ቦታ አለቀብኝ። እማማን ጉልበታቸውን፣ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ይህን የጻፍኩበት ፖስትካርድ ፊት ላይ ያለው ተራራ የመምህሩ ሥራ ነው፤ እዚህ ሌላ ካርድ አይሸጥም። እባክህ በረዶውን በጥፍርህ ፋቅልኝ።