ለአማቴ ክፍል የሚሳብ መስመር

ኅዳር 6
ብሬከሩ ዛሬም ወደቀ። ለልደት የታዘዘኝ ኬክ መሃሉ ገና ሊጥ ሆኖ ቀረ። ባሌ ሥራ ሲሄድ የእናቱን ማሞቂያ ሰክቶላት ወጥቷል። እግሯ ከከዳት ወዲህ ከአልጋ አትወርድም። ነቀልኩባትና ብሬከሩን መለስኩት። "ብርድ ልትፈጂኝ ነው?" አለች። ብርዱን እኔ አላመጣሁት...

ኅዳር 9
ኤሌክትሪሽያኑ መጣ። የብሬከሩን ሳጥን ከፍቶ አየና ሳቀ። "ምድጃና ማሞቂያ በአንድ ቀጭን መስመር!"
"ታዲያ ትልቅ ብሬከር ቀይርበት።"
"ቤቱን ላቃጥልልዎት እትዬ? ሽቦው አይችልም እኮ። የቤቱ ኃይል ግን ይበቃል፣ ሳጥኑም ባዶ ቦታ አለው። ለእናትየው ክፍል ለብቻው መስመር ልሳብ። ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።"
እሺ ልል ነበር። ከወዲያ ክፍል የአማቴ ድምፅ መጣ። "ሰው ነው? ለዚች መካን ልጅ መጣላት እንዴ?" ሰውዬው አቀረቀረ። ፊቴ ነደደ። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል።
"ሌላ ቀን እንጠራሃለን" አልኩት።
ለባሌ ደግሞ "ቆጣሪው አይችልም አለ ኤሌክትሪሽያኑ። ወይ ምድጃው ወይ ማሞቂያው" አልኩት። አመነኝ። እሱ ስለ መብራት የሚያውቀው መጥፋቱን ነው። የምንበላው ከኬኩ ነው... ቀን ቀን ማሞቂያው ይነቀል አለ።

ኅዳር 21
የታዘዘው አንድ ኬክ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጋገርኩ።
"ልጄ፣ አላለቀም? በረደኝ" አለች ከአልጋዋ።
ልጄ! ዛሬ ገና?
"አላለቀም እማማ።"
አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እዚህ ካልጻፍኩት ለማን እነግረዋለሁ?

ታኅሣሥ 3
ታስላለች። ሐኪሙ ሳንባዋን ብርድ መቶታል አለ። ብርድ ልብስ ደረብኩላት። ማሞቂያውን መሰካት አቅቶኝ ነው? አይደለም። የኬክ ትእዛዝ ነበረብኝ።

ታኅሣሥ 8
ቀበርናት።

ጥር 2
ባሌ በእናቱ ክፍል ለኬኩ ትልቅ ፍሪጅ ሊያስገባ ነው። ኤሌክትሪሽያኑን ጠራው። "ቆጣሪው ይችል ይሆን?" ብሎ ጠየቀው።
"ለምን አይችልም? ያኔ ለእናትዎ ልሳብ ያልኩት መስመር እኮ ነው። እትዬ ሌላ ቀን ብለውኝ ጠፉ።"
ባሌ ዞሮ አየኝ። 
"ሳበው" አለው ሰውዬውን።

ጥር 4
መስመሩ ተሳበ፣ ፍሪጁ ግን ቀረ። ባሌ ልብሱን ይዞ እናቱ ክፍል ገባ። ማሞቂያዋን ሰክቶ በሩን ዘጋ። እኔ ምድጃውን አብርቼ የብሬከሩ ሳጥን ሥር ቆምኩ። ውደቅ፣ እባክህ ውደቅ አልኩ። ምድጃውም ማሞቂያውም አብረው ይሠራሉ።