ከበሩ ማዶ የሚቆሙት ሰው

ሰኞ፣ ግንቦት 18
ከሥራ መልስ፣ 11 ሰዓት ተኩል

ማስታወሻዬ፣ የምጽፍልህ ስላፈርሁ ነው። ኀፍረቴን ለሰው ከመናገሬ በፊት ልኩን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ዮናስ የሚያዘጋጀው ፊልም ድርሰቱ የእኔ ነው። ለገንዘብ ሰው ሲገድል የኖረ፣ አሁን ቃሊቲ ውስጥ የኋላ ክፍል ተከራይቶ የተደበቀ ብቸኛ ሰው። ንግግሩ ጥቂት። ዝናብ፣ ቆርቆሮ፣ የከባድ መኪና ድምፅ። ተደብቆ የሚኖር ገዳይ ውሎው ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ስለዚህ ከጎረቤቴ ወሰድሁ።

ጋሽ ደምሴ። በእኛው ግቢ የወ/ሮ አስካለ ተከራይ። የቀድሞ የጅቡቲ መስመር ሾፌር፤ ዛሬ የመጋዘን የሌሊት ጥበቃ። ጠዋት ከሥራ ሲመለሱ በቀጥታ አይገቡም። ከመንገዱ ማዶ፣ ከከማል ሱቅ አጠገብ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። በሩን ያያሉ። ማንም ከሌለ ይሻገራሉ። እድር የላቸውም፤ ለቅሶ አይደርሱም። ይህን ሁሉ ከመስኮቴ አየሁና ለገዳዩ ሰጠሁት። ሳላስፈቅዳቸው። ዮናስ የበሩን ትዕይንት ሲያነብ ከወንበሩ ተነሣ። ኮራሁ። መኩራቴንም ያዝልኝ።

ዛሬ ያ ትዕይንት ለማስታወቂያ በቲክቶክና በቴሌግራም ተለቀቀ። ተዋናዩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሯል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ሰፈሩ አወቃቸው።

ጠዋት ከማል ሱቅ፣ ዳቦ ልገዛ። ጋሽ ደምሴ እንደ ልማዳቸው ቆመዋል። ከማል ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ «ጋሼ፣ ዛሬስ ስንት ጣሉ?» አላቸው። ዳቦ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። አንዷ «ተው አንተ፣ ተራው ያንተ እንዳይሆን!» አለችው። ከማል ክፉ ሰው አይደለም፤ ካልቀለደ ቀኑ አይመሽለትም። ጋሽ ደምሴ ቲክቶክ አያዩም። ያልገባቸውን ቀልድ በፈገግታ ተቀበሉ። ያ ፈገግታ።

«ድርሰቱ የእኔ ነው፤ እሳቸው የሠሩት ነገር የለም» ማለት ነበረብኝ። ዳቦዬን ይዤ መሬት መሬት እያየሁ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ወ/ሮ አስካለ እናቴ ዘንድ መጡ። ለቅሶ የማይደርስ ሰው የሚደብቀው ነገር ባይኖረው ነው ወይ፣ ይላሉ። ወሩ ሲያልቅ ክፍሉን እንዲለቁ ነግረዋቸዋል። ጋሽ ደምሴ ምክንያቱን እንኳ አልጠየቁም አሉ። እናቴ ዝም። እኔም ዝም። የእኔ ዝምታ ግን ከእሷ ጋር አንድ አይደለም።

ዓርብ፣ ግንቦት 22

ለእናቴ ሁሉን ነገርኋት። አልጮኸችም፤ የሚሻለኝ ጩኸቷ ነበር። ይህን የመሰለ በደል በሁለት ቃል አይታለፍም፣ ሽማግሌ ይዘሽ ነው ይቅርታ የምትጠይቂው አለችኝ። የከማል አባት ሐጂ እንድሪስ ሁለት ሽማግሌዎች ጨምረው እሺ አሉ። ወ/ሮ አስካለም ይገኛሉ። እሑድ ማለዳ፣ ጋሽ ደምሴ ከሥራ ሲመለሱ በሩ ላይ እንቀበላቸዋለን። ሥርዓቱን የጠበቀ ይቅርታ። ትንሽ ቀለለኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 24
ከጠዋቱ 3 ሰዓት

በቅደም ተከተል ልሞክር።

ከበሩ ፊት ቆምን። ብርድ ነው፤ ወንዶቹ ጋቢ፣ እኛ ነጠላ ተከናንበናል። የመጣነው ለከባድ ነገር ነውና ማንም አያወራም። ጋሽ ደምሴ ከማዶ ደረሱ። ቆሙ። አዩን። የያዙት ምሳ ዕቃ ወደቀ። እሳቸውም አስፋልቱ ዳር ቁጭ አሉ።

ሮጬ ደረስሁ።

«ሰብለ ናት? ንገሪኝ! ልጄ ናት?»

ሰብለ አንድ ልጃቸው ናት፤ ቤሩት ትሠራለች። መርዶ መስሏቸዋል! ማለዳ፣ ጋቢ፣ ዝምታ፣ ደጃፍ። ሌላ ምን ሊመስላቸው ይችል ነበር? ይህን ያህል ትልልቅ ሰው ተሰብስበን አንዳችንም አላሰብነው።

ሐጂ እንድሪስ «ወላሂ ደኅና ናት! ማንም አልሞተም!» እያሉ አቀፏቸው። አላመኑም። ስልክ ደወልንላት። ሰብለ ከእንቅልፏ ተቀስቅሳ «አባባ፣ በዚህ ሰዓት ምን ሆነሃል?» ብላ እስክትቆጣ ድረስ አላመኑም።

ኋላ፣ ውኃ ከጠጡ በኋላ ተናገሩ። ባለቤታቸው የሞተችው እሳቸው ጅቡቲ መንገድ ላይ ሳሉ ነው። ትንሽ አሟት ነው፣ ቶሎ ና ተባሉ። ሲደርሱ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ቀብሩ አልፏል። ከዚያ ወዲህ ደጁን ሳያዩ የትም አይገቡም። ለቅሶ ቤት ሲያስቡ እግራቸው እምቢ ይላቸዋል።

የገዳይ ጥንቃቄ ብዬ የጻፍሁት ይህንን ነበር።

ሰኞ፣ ግንቦት 25

ወ/ሮ አስካለ አለቀሱ፤ ክፍሉ የእርስዎ ነው አሏቸው። እኔ ትናንት ይቅርታዬን ለመናገር አፍ አልነበረኝም። ዛሬ ብቻዬን ሄድሁ። ገዳዩን ከእሳቸው እንደ ቀዳሁት ነግሬ ቅንጭቡን በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አዩት።

«እንዲህ ጎብጫለሁ እንዴ?» አሉ።

ስቀው እንድስቅ ጠበቁኝ። አልቻልሁም። ስለ ራሳቸው ምንም አልጠየቁኝም። ሰብለ ሰኔ 14 ለዕረፍት ትመጣለች። እሷ ካየችው፣ አቋማቸውን ወዲያው ታውቃለች። «ስትመጣ አባትሽ ነፍሰ ገዳይ ነው አይበሏት፣ ልጄ» አሉኝ። ልጄ አሉኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

ዮናስን ሳሪስ ካፌ አገኘሁት። ትዕይንቱን አውጣው፣ ቅንጭቡንም አውርደው አልሁት፤ እምቢ አለ። ሰውየውን ከሰፈራችሁ ውጭ ማን ያውቀዋል፣ ደግሞም ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጠው ትዕይንት ነው፣ አለ። «ማኪያቶሽን ጠጪ እባክሽ፤ ሁሉን ነገር ኃጢአት ታደርጊዋለሽ።»

የሚያሳፍረኝ እምቢታው አይደለም። ይበልጣል ሲል ልቤ ከእሱ ጋር ነበረ። ወደ ቤቴ፣ እስከ ቃሊቲ፣ ታክሲ ውስጥ ቆርጠን ብናስቀረው ፊልሙ ምን ይቀረዋል ስል መጣሁ። ጋሽ ደምሴ ምን ይቀርላቸዋል አላልሁም።

እሑድ፣ ሰኔ 1
ረፋድ

ወሰንሁ።

መጀመሪያ ሱቁ። ዳቦ የሚጠብቅ ሰው በሞላበት ሰዓት ሄጄ፣ ድርሰቱ የእኔ እንደሆነ፣ ጋሽ ደምሴን ሳላስፈቅድ እንደ ገለበጥኋቸው፣ ገዳይነቱ ፈጠራዬ እንደሆነ ተናገርሁ። ከማል ብቻ፣ «ታዲያ ገዳይዋ አንቺ ነሽ በይኛ!» አለ። ማንም አልሳቀም። አዎን አልሁት።

ቅንጭቡ ከእጅ ወደ እጅ አልፏል፤ ሁሉን መሰብሰብ አልችልም። የምችለውን ግን አውቃለሁ። ለዮናስ አሁን የምልክለትን፣ ኋላ እንዳላለሰልሰው፣ አስቀድሜ እዚህ አሰፍራለሁ፦

«ዮናስ፤ ውል ገና አልፈረምሁም፤ ድርሰቱ የእኔ ነው። የበሩ ትዕይንት ከፊልሙ ይውጣ። ቅንጭቡ ከለቀቅህበት ሁሉ ይውረድ። ሌላ ትዕይንት እጽፍልሃለሁ፤ ከዚህኛው ያነሰ ይሆናል። እምቢ ካልህ ድርሰቴን መልሼ እወስዳለሁ። መልስህን ሳይሆን መውረዱን እጠብቃለሁ፤ እስከ ሰኞ፣ ሰኔ 9።»