ስክሪኑ የጨለመበት ሰሞን

ሰኞ፣ ግንቦት 19

የሁለት ክፍል ፈተና ሳርም ዋልሁ። ቤት ስገባ አሥራ አንድ ሰዓት። ሹራቤን እንኳ ሳልቀይር ኮምፒውተሩን አበራሁ... ፋኑ ይዞራል፣ አረንጓዴዋ መብራት በርታለች፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ጥቁር።

ባሌ መሳፍንት ከጓሮ መጣ። «መብራት ዋዥቆበት ነው፤ ይረፍ» አለ። እሺ፣ ይረፍ። የእኔን ምዕራፍ አምስት ግን ማን ያሳርፈው? የመመረቂያ ጽሑፌን ለማስረከብ አሥራ አራት ቀን ነው የቀረኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 20

ዐርፎም ያው ነው። ባሌ «ከሰዓት ክፍል የለኝም፤ እኔ አየዋለሁ» ብሎ ቤት ቀረ። ስመለስ ጠረጴዛው ተወልውሏል።

«እህስ?»

«ስክሪኑ ነው የሞተው» አለ፣ ወደ መስኮቱ እያየ።

አሁን ደግሞ ሲበራ ይጮኻል። ጢጥ ጢጥ ጢጥ። ትናንት አይጮኽም ነበር። ምንድን ነው ስለው «ሙቀት ነው» አለኝ። በደብረ ማርቆስ ብርድ? በዚህ ዝናብ?

ሐሙስ፣ ግንቦት 22

ከትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ስክሪን ተዋስሁ። በባጃጅ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ በነጠላዬ ሸፍኜ አመጣሁት። እኔ በሰበስሁ፣ እሱ አልበሰበሰም። ሰካነው። ጥቁር። ጢጥ ጢጥ ጢጥ።

«ታዲያ ስክሪኑ አልሞተም ማለት ነው» አልሁ።

«እንግዲያው ገመዱ ነው።»

ቅዳሜ፣ ግንቦት 24

አዲስ ገመድ። ጥቁር።

እሑድ፣ ግንቦት 25

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ለሁለተኛ ጊዜ ለመንሁት። ጠጋኝ ቤት እንውሰደው... ምን ችግር አለው?

«የፊዚክስ መምህር ሆኜ የተበላሸ ዕቃ ተሸክሜ በከተማ መሃል ልሂድ? ተማሪዎቼ ምን ይሉኛል?»

«እኔ እወስደዋለሁ።»

«እንዳትነኪው! አላዋቂ ከከፈተው ይቃጠላል።»

አላዋቂዋ እኔ ነኝ። ሦስት ክረምት የተማርሁት፣ በአምበር ዙሪያ በጭቃ እየተንሸራተትሁ ስድሳ አራት ገበሬ ስለ ስንዴ ዋግ የጠየቅሁት እኔ። ፍላሽ ላይ ያለኝ ሦስት ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ያውም የመጋቢቱ። ሌላው ሁሉ እዚያ ጥቁር ሣጥን ውስጥ። ለምን በየሳምንቱ አልገለበጥሁም? ሞኝ።

ደግሞ ምሳ ላይ ምን አለ? «ለምን ለሚቀጥለው ዓመት አታስተላልፊውም?» እሱ ሁለተኛ ዲግሪውን ጀምሮ ነው የተወው። እንድጨርስ አይፈልግ ይሆን?... እንዲህ ማሰቤ ራሱ አስጠላኝ። ግን አሰብሁት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 27

ሳልነግረው ወደ መናኸሪያው ወረድሁ። እዚያ ሕሊና አለች፤ ባዮሎጂ ያስተማርኋት ልጅ፣ አሁን ኮምፒውተር ትጠግናለች። ነገሩን ዘረዘርሁላት።

«ቲቸር፣ ስንቴ ነው የሚጮኸው?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ?»

«ከሁለተኛው።»

«በመሃል የከፈተው ሰው አለ?»

«የለም» አልሁ። የለም...?

ራም የምትባል አለች አለችኝ፤ ስስ ሰሌዳ ናት፣ ከጣት ትንሽ ትረዝማለች፤ እሷ ከላላች ወይ ከቆሸሸች ስክሪኑ አይበራም። በላጲስ ፈግፍጎ መመለስ ነው። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር «ጽሑፉ እኮ ምንም አይሆንም ቲቸር። ጽሑፉ የተቀመጠበትን ሃርድ ዲስክ አውጥተን ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንከፍተዋለን» አለች።

ዘጠኝ ቀን! ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጽሑፌን ስቀብር ስከርም ይህን የነገረኝ የለም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 28

መሳፍንት ፈተና ሊቆጣጠር ሄዷል። በቢላዋ ጫፍ ብሎኖቹን ፈታሁ። ሕሊና ያለችኝን ቦታ አገኘሁት። ባዶ። ራሟ አልላላችም፣ አልቆሸሸችም፤ የለችም። የማቀፊያዋ ነጭ ፕላስቲክ ጫፉ ተሰብሯል። ሌባ ቤት ገብቶ ራም ብቻ ይዞ አይወጣም።

ለምሳ መጣ። ክዳኑን ሳልመልስ ነው የጠበቅሁት።

«እዚህ የነበረችው የት ሄደች?»

ሣጥኑን አየ፣ እኔን አየኝ። ቁጭ አለ። ከኮቱ የውስጥ ኪስ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። እሷ ናት። ወርቃማ ጥርሶቿ ተልጠዋል፣ አንድ ጥጓ ተሰንጥቋል። ይህን ሁሉ ቀን ይዟት ይዞር ነበር!

«አቧራዋን ልጠርግ ብዬ ነው ያወጣኋት» አለ። «ስመልሳት ገልብጫት ኖሯል። እምቢ ስትለኝ ገፋኋት። ቀጭ አለች።»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ባሕር ዳር ያለ ጓደኛዬን ሌላ ላክልኝ ብዬው ነበር። ሳታውቂ ልተካት። እሱም ዛሬ ነገ አለኝ።»

«ስክሪን ተሸክሜ ስመጣስ? ገመድ ስገዛስ?»

ራሟን ወረቀቱ ውስጥ መልሶ ጠቀለላት።

«ለሚቀጥለው ዓመት አስተላልፊው ያልኸኝስ?»

«ጊዜ እንዳገኝ ነው የኔአለም...»

እሱ ጊዜ እንዲያገኝ የእኔ ዓመት ይሂድ! ጮኽሁ። ጎረቤት ሰምቷል። ይስማ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 29

ሣጥኑን ይዤ ሕሊና ዘንድ ሄድሁ። ዲስኩን አውጥታ በሌላ ኮምፒውተር ከፈተችው። ምዕራፍ አራት አለ። የአምስት ግማሽ አለ። ስድሳ አራቱም ገበሬዎች አሉ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፣ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሡት ሰዎች እያዩኝ።

እሷ ቤት እጽፋለሁ። ዛሬ ግን ከሰባት ሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ።

ቤት ውስጥ አንነጋገርም። «ጨው አቀብይኝ» እንኳ አላለም፤ አልጫውን እንዳለ በላው።

እሑድ፣ ሰኔ 2

መብራት ዐርብም የለም፣ ቅዳሜም የለም። ሁለት ሠንጠረዥና ማጠቃለያው ቀርቷል። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። አይደርስም።

አማካሪዬን ዶክተር አማረን እለምናለሁ። ምን ብዬ? ባሌ ሰብሮ ዋሸኝ ልበል? ኮምፒውተር ተበላሸብኝ የማይል ተማሪ ደግሞ የት አለ?

ሰኞ፣ ሰኔ 3

የምናገረውን በመንገድ ሳጠና ሄድሁ። ገና ከበሩ ሳልገባ «ነይ ተቀመጭ፤ እስከሚቀጥለው ሰኞ ጊዜ ተሰጥቶሻል» አሉኝ።

«ማን ነገረዎት?»

«ባለቤትሽ ሐሙስ መጥተው ነበር።»

ከመሳቢያቸው አንድ ወረቀት አወጡ። የመሳፍንት ጽሑፍ፣ ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፈው ቀጥ ያለ። «ኮምፒውተሩን የሰበርሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ቀን ከእርሷ የደበቅሁትም እኔ ነኝ። እርሷ ጥፋት የለባትም።» ከሥር ሙሉ ስሙና ፊርማው። የፊዚክስ መምህር ብሎም ጽፎበታል።

ከዚያ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ብዙ ቆምሁ። ለማያውቀው ሰው፣ በወረቀት፣ ፈርሞ!... ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። መጀመሪያ የመጣብኝ ግን ንዴት ነው። አሁንም አልነገረኝም እኮ! ሲዋሽም በዝምታ፣ ሲክስም በዝምታ። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አጠገቤ ነበር።

ቤት ስገባ በረንዳ ላይ ጫማውን ይጠርጋል።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«እናያለን ነው ያሉኝ፤ አይሆንም ቢሉስ?» አለ። «እንደገና የዋሸሁሽ እንዳይሆን ፈራሁ።»

ምን ይሉታል እንዲህ ያለውን ሰው? ጨው ያንሰው እንደሆን ቅመሰው ብዬ ወጡን አቀረብሁለት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

አዲሷ ራም ከባሕር ዳር ደረሰች። በጓደኛው ሳይሆን በሕሊና በኩል። ባልተሰበረው ሁለተኛ ማስገቢያ ላይ እኔ ነኝ ያስገባኋት። እሱ ባትሪ ይዞ አበራልኝ። ሁለቴ «ቀስ» አለ፤ አየሁት፤ ባትሪውን አስጠጋ።

በራ።

ሰኞ፣ ሰኔ 10

አስረከብሁ። ሦስት ቅጂ፣ ተጠርዞ።

ትናንት ግን ሳይጠረዝ መሳፍንት ላንብበው አለኝ። ሦስት ክረምት ስማር አንድ ገጽ አንብቦልኝ አያውቅም። መነጽሩን አድርጎ ምዕራፍ አራት ላይ ደረሰና ጣቱን ሠንጠረዡ ላይ አሳረፈ።

«ይህች ምን ማለት ናት?»

«የቱ ነው ያልገባህ?»

«ሁሉም» አለ።

ወንበሬን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምሬ አስረዳሁት። አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ መለስሁለት... ሁለተኛው ላይ ትንሽ ተናድጄ ነበር።